ስም ያልነበራቸው ሁለት ብልቃጦች

ጡረታ የወጣሁት ያለ ጠብም ያለ ሙገሳም ነው። የክፍሉ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ። ከእነሱ አንዷ፣ «እትዬ ጥሩዬ፣ የድሮውን ይጻፉልን እንጂ፤ ሁሉን በእጅ ስትሠሩ እንዴት ነበር?» አለችኝ። አሁን ሥጋውን ከአልኮል ወደ አልኮል የሚያዛውር፣ ሰሙንም የሚያጠጣ ማኪና አላቸው። እኔ የማውቀው እጅ ከእኔ ጋር አብሮ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ጠይቃለችና ጻፍኩ። ያላማረውን መተው ግን አልችልበትም።

ሥራዬ ከሰው ወይም ከእንስሳ ገላ የተወሰደ ቁራጭ ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት ነበር። ቁራጩ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይያዛል፤ ውሃው በአልኮል ይወጣለታል፤ በሰም ይሞላል፤ ከዚያ ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ ሆኖ ይቆረጥና ቀለም ይጠጣል። ሐኪሙ የሚያየው መጨረሻውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ የሚያየው እንደኔ ያለ ሰው ነው፤ ያበላሸውም እንደሆነ የሚያበላሸው እሱ ነው።

አባቴ በአንድ የጎንደር ደብር ቁም ጸሐፊ ነበር። ዳዊት እስክደግም አስተማረኝና «ለሴት ይበቃታል» አለ። አስኳላ የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ፊደል ከአስተማሪዋ ይልቅ አጥርቼ አውቅ ነበር፤ ቁጥር ግን አንድም አላውቅም፤ ጉልበቴ ከአግዳሚው በላይ ቆሞ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር በጣቴ ደመርኩ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ደርግም ገብቶ ነበር። በሕክምና ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ብርጭቆ ሳጥብ አንድ ሁለት ዓመት እንደቆየሁ የወባ ደም እንድመረምር ወደ ኮላ ድባ ላኩኝ። የዚያ አለቃዬ መዝገቡ በጊዜ እንዲዘጋ የሚወድ ሰው ነበር። ገና ሌንሱ ላይ ሳለሁ «አለ በይና እለፊው፤ መድኃኒቱ አይጎዳ!» ይለኛል። ያላየሁትን አለ አልልም አልኩት። ብዙ አልተዋደድንም። የዝውውር ማመልከቻዬን በሦስት ኮፒ ጽፎ የፈረመልኝ ራሱ ነው፤ በዚያ አመሰግነዋለሁ።

ጎንደር ስመለስ ዶክተር ይርጋ ከሚባሉ የህዋስ መምህር ሥር ተመደብኩ። ሥራ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም፤ የሚቀርጹትም የሰም ጠርዝ በምናስተካክልበት አሮጌ ምላጭ ነው። ረቡዕ ረቡዕ በውይይት ክበብ ከኋላ ተቀምጠው እርሳስ ሲቀርጹ አንዱ ካድሬ «ጓድ፣ የእርስዎ አስተያየትስ?» ቢላቸው፣ «ጫፉ ገና ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ሊስቅ የሚደፍር አልነበረም።

ስላይድ ይዤ ስገባ ሌንሱ ላይ ከማጎንበሳቸው በፊት «ስሙን ንገሪኝ» ይላሉ። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተወሰደ ከመለያው አነባለሁ። ሳላነብ አያዩም። ችኩል ሐኪም መጥቶ «እንዲያው አንዴ ይዩት» ሲላቸው፣ «ስሙን ያልተናገረ እንግዳ ቤቴ አይገባም» ይሉታል። መለያ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ከቁራጩ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። «ቀለም ከዳተኛ ነው» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸውን ደግሞ፣ «ያየኸውን ሳል፤ ያነበብከውን ቤትህ ሳለው» ይሏቸዋል።

ለትምህርት የበግ ቆሽት እንጠቀም ነበር። ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ጭማቂ ስለሚሠራ፣ በጉ እንደታረደ ካልተያዘ ራሱን ይበላል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ቄራ ደርሼ ብልቃጤን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

«አንቺ፣ ጉበት እያለ ይህን ማን ይበላልሻል?» ይለኛል አራጁ።

«ተማሪዎች።»

«እግዚኦ! እንዲህ ተራቡ?»

የተቆረጠው ሰም እንደ ጥብጣብ ተያይዞ ከምላጩ ሲወርድ በብሩሽ ተቀብዬ ለብ ባለ ውሃ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ መጨማደዱ ሲፈታ በመስታወት አወጣዋለሁ። ውሃው ትንሽ ከሞቀ ሰሙ ይቀልጣል፤ ከቀዘቀዘ ጭምድዱ አይፈታም። ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ስለነበር በክርኔ እለካው ነበር። ደህና ሲወጣ፣ በቆሽቱ ህዋስ ውስጥ ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ከአናቱ ቀያይ ፍሬዎች፣ በመካከል ደግሞ ነጣ ያለች ቦታ ትታያለች። ነጣ ያለችዋን ጎልጂ ይሏታል።

«ፕሮቲኑ ታች ይሠራል» ይሉ ነበር ዶክተር ይርጋ ለተማሪዎቹ። «ይቺ ደግሞ መናኸሪያዋ ናት። ጭነቱ ሁሉ እዚህ ይወርዳል፤ ይለያል፤ መለያ ይለጠፍበታል። የደባርቅ ወደ ደባርቅ፣ የአዘዞ ወደ አዘዞ።»

«መለያው የወደቀበትስ ዶክተር?» አለ አንዱ።

«የጎንደርን መናኸሪያ አታውቀውም እንዴ? አሳላፊው ሜዳ ላይ ይወረውረዋል እንጂ ማን ይሸከምለታል!»

እኔ ከኋላ ስላይድ እያደልኩ የሰማሁትን ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር።

ይታይሽ የመጣችው በዐቢይ ጾም ነው። የመካነ ብርሃን ሰው ናት፤ ሁለት ቀን በእግር ደባርቅ ደርሳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ያዘለቻት ልጅ ማሬ ትባላለች። ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ አትቆምም፣ ጣቶቿ አይዘረጉም፣ ድዷ አብጧል፣ ፊቷ ወፍራም ነው። የበኩር ወንድሟም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው። የሕፃናት ሐኪሙ ግራ ቢገባው ወደ ዶክተር ይርጋ ላካት።

«ከእኔ ነው ከእሱ?» አለች፣ ገና ሳይጠይቋት።

«ምኑ?»

«ክፉው ነገር ነዋ። አማቴ ካንቺ ወገን ነው ትለኛለች፤ ደምሽ ነው ትለኛለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ጥፋቱ የኔ ከተባለ ከቤቱ ወጣሁ። መውጣቱስ ይሁን፤ ክፉ ስሙን ይዤ ነው የምወጣ። እናቴ ቤት ሁለት ያልተዳሩ እህቶች አሉኝ፤ ማን ያገባቸዋል?»

ዶክተር ይርጋ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው አንድ ክብ ሳሉ። «የሰው ገላ በትንንሽ ቤቶች የተሠራ ነው። በየቤቱ ጉድፍ የሚያጠራ ሠራተኛ አለ። ሠራተኛው ቤቱ ውስጥ እዚህ ይሠራል፤ እዚህ መለያ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ጓዳ ይላካል። የማሬ ገላ መለያ የሚለጥፈው የጎደለበት መሰለኝ። ሠራተኞቹ ጓዳቸውን አጥተው ውጭ ይፈስሳሉ፤ ጉድፉ ደግሞ ቤቱን ይሞላል።»

ስዕሉን ትክ ብላ አየችው። «የተላከ ዕቃ ተቀባይ አጣ ማለት ነው?»

«ተቀባዩስ አለ። አድራሻው ነው የጠፋ።»

«ይድናል?»

«አይድንም።»

የልጅቷን እግር በነጠላዋ ሸፈነች። «እሺ፤ ከማን መጣ?» አለች።

«እንደጠረጠርኩት ከሆነ ከሁለታችሁም እኩል። አንዱ ወላጅ ብቻውን አያመጣውም። ግን ህዋሱን ሳላይ አልናገርም።»

«ካዩ ይጽፉልኛል?»

«ካየሁ እጽፋለሁ፤ ማኅተምም አስደርግበታለሁ።»

ከማሬ ክንድ ምስር የምታህል ቆዳ ተወሰደች። ይታይሽ፣ ወረቀቱን የሚወስድ ቄስ ወንድሟን ከፋሲካ በኋላ እልካለሁ ብላ ልጇን አዝላ ሄደች። በዚያው ጠዋት ከኮላ ድባ ከመጣች ሌላ ሕፃንም ከክንዷ እንዲሁ ተወሰደ፤ ቆዳዋ ያብጥ ነበር፤ በሽታዋን ያወቀ የለም። ሁለት ተመሳሳይ ብልቃጥ፣ ሁለት ተመሳሳይ ቁራጭ።

እርሳስ ጠፍቶ አልነበረም። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር፤ የእጥረት ዘመን ስለነበር ያምነኝ የነበረውም ብዙ ነው። እርሳስ ነበረ። እኔ ግን የእርሳሱ ጽሕፈት መደብዘዙን አልወደውም። አባቴ ከጥቀርሻ፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ የሚያበጀው ቀለም በብራና ላይ ዘመናት ሲያልፉበት አይቻለሁ፤ የራሴም ጽሕፈት ያምር ነበር። የብራና ቁራጭ ላይ ጽፌ አንድ ወር ሙሉ አልኮል ውስጥ አቆየሁትና ነጥብ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ ለዶክተሩ ሳልነግር መለያዎቹን በብራና ላይ በአባቴ ቀለም መጻፍ ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ቁራጩ በማግሥቱ ወደ አልኮል ስለሚዛወር ምንም አልሆነም።

በዚያ ወቅት ሰም አለቀ። ጠየቅን፤ ቅጽ ተሞላ፤ ጠበቅን። ሁለቱ ብልቃጦች ፎርማሊን ውስጥ ሳምንታት ቆዩ። ፎርማሊን ደግሞ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ አልኮል የማይነካውን ሙጫ ውሃ ይፈታዋል። አባቴ ፊደል ሲሳሳት በምራቁ አርሶ ሲፍቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። በአልኮል ፈተንኩት፤ በፎርማሊን አልፈተንኩትም።

ሰሙ መጥቶ ብልቃጦቹን ሳነሳ ከታች ጥቁር አተላ ተኝቷል። ብራናዎቹ ነጭ ናቸው። ይዣቸው ገባሁ።

«ስሙን ንገሪኝ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ብልቃጦቹን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ብራናውን በመቆንጠጫ አወጡ፤ አገላበጡ፤ አሸተቱ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ቀለም ነው።»

ብራናውን ወደ ብልቃጡ መለሱት። «ሁለቱንም ሥሪያቸው» አሉ።

ሠራኋቸው። ከዚያ የተሻለ ቆርጬ አላውቅም። የአንደኛው ህዋሳት ደህና ናቸው። የሌላኛው እንደ ሳሙና አረፋ በእንክብል ተሞልተዋል፤ ጉድፉ ቤቱን ሞልቶታል። ዶክተር ይርጋ እንደሚሆን የነገሯት ልክ ያ ነበር።

«የማሬ ይህ ነው» አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?»

«በሽታው አለበታ!»

«የሌላዋን ልጅ በሽታ አውቀሽዋል?»

«አላወቅንም።»

«እንግዲያ?»

«ዶክተር፣ ሴትዮዋ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለች።»

«አውቃለሁ። የማሬ ነው ያልሽው በሽታውን ስላየሽበት ነው፤ ከዚያ ተመልሰሽ ማሬ በሽታው አለባት ልትዪ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት አልፈርምም።» ያዩትን አንድም ሳያስቀሩ ሳሉት። ከሥዕሉ ግርጌ «ስም የለውም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ስለዚህ ነገር ቁጣም ተግሣጽም አልተናገሩኝም። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀረጸ እርሳስ አገኘሁ፤ ይኸው ነው። እውነት ለመናገር፣ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ለኮላ ድባዋ ልጅ በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ በኩል መልእክት ላክን፤ መጣች፤ እንደገና ተወሰደላት፤ ቆዳዋ በዚያ ጊዜ ቆስሎ ስለነበር ግን አዲሱ ቁራጭ ከሁለቱ የትኛው የእሷ እንደሆነ አልለየልንም። መካነ ብርሃን ግን ስልክ አልነበረም፤ መንገዱም አንዱን ሳምንት ተከፍቶ አንዱን ሳምንት ይዘጋ ነበር። ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ የይታይሽ ወንድም ቄስ ጥበቡ አቧራውን ሳያራግፍ መጣ።

«ወረቀቱን ስጡኝና ልሂድ፤ ለሽማግሌው አምስት ቀን ነው የቀረ።»

እኔው ነገርኩት። መስቀሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ምነው እቴ! የቁም ጸሐፊ ልጅ ነኝ እያልሽ? ቀለም ውሃ እንደሚፈራ ዲያቆን ያውቀዋል እኮ!»

ዶክተር ይርጋን አብሬው ልሂድና የማሬን ደም ልውሰድ አልኳቸው። ቆዳ መቁረጥ አይፈቀድልኝም፤ ደም መውሰድ ይፈቀድልኛል።

«ደሙ ላይ ሊታይም ላይታይም ይችላል» አሉ።

«ይሁን።»

«ከዓመት ዕረፍትሽ ነው የሚታሰበው።»

«ይታሰብ።»

የይለፍ ደብዳቤ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ፣ «ጓድ ጥሩወርቅ፣ ስሜን አውራጃ ምን ልትሠሪ?» አለኝ።

«ደም ልወስድ።»

ብዕሩን አስቀመጠ።

«የሕፃን ነው፤ ለምርመራ» አልኩት።

«እንደሱ በይ እንጂ!» ብሎ ፈረመ።

ከደባርቅ በኋላ ሁለት ቀን ተጓዝን። ቄስ ጥበቡ ዳገቱን እየጸለየ፣ ቁልቁለቱን እያጫወተኝ ሄደ። የእህቱ ቤት አጥር ስንደርስ ይታይሽ ወጣች። ጠጉሯን ተላጭታለች። ሁለታችንም አልጠየቅናትም። ማሬ ከተቀበረች አራት ቀኗ ነበር። መርፌውንና ብልቃጡን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ከለቀስተኞች ጋር ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጽድ ሥር ተቀመጡ። ዋናቸው አያ ታከለ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው የፈሰሰ ሰው ናቸው። የባልየው ስም ደሳለኝ ነው፤ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። የሚናገሩት እናቱ ናቸው።

«ሁለት ልጅ አስቀበረችን። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ተወልዶ አያውቅም። ክፉው በወገኗ ነው፤ ልጄን ትልቀቅልኝ።»

«የጎንደሯ እመቤት፣ ወረቀት አምጥተሻል ተብሏል» አሉኝ አያ ታከለ።

«ወረቀት የለም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። «ሦስት ቀን ተጉዘሽ የለም ልትዪን ነው የመጣሽ?»

«የጠፋው በእኔ ነው። የልጅቷን ሥጋ ተቀብዬ ስሙን አጠፋሁት። ይታይሽ ያጎደለችው የለም፤ ሐኪሙም ያጎደሉት የለም።» እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ ዶክተር ይርጋ የነገሯትን እንዳለ ነገርኳቸው። የተጠረጠረው በሽታ የሚመጣው አባትም እናትም ሲሰጡ ብቻ እንደሆነ፣ የሰጡትም ራሳቸው ደህና ሆነው ሳያውቁት እንደሚኖሩ፤ ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ በማሬ ላይ የተረጋገጠ እንዳልሆነ።

አያ ታከለ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሻሹ። «እንዲህ ያለ ብርቅ ክፉ ነገር ባልና ሚስት ቤት እኩል ከየት ተገኘ?»

«አንዳንድ ጊዜ ከአንድ አያት ይወርዳል።»

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የዳርናቸው!» አሉ የደሳለኝ እናት።

«ቆጥረናል» አሉ አያ ታከለ። «የቆጠርኩትም እኔ ነኝ። ሰባት ላይ ቆምኩ፤ ሕጉ እዚያ ያቆማል።» ከዘራቸውን አስቀመጡና በጣታቸው የደሳለኝን ወገን ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ትንሽ አረፉና ስምንተኛውን ጠሩ፤ ከማዶ የመጣው ዘለቀ። ከዚያ በይታይሽ እናት በኩል ጀመሩ። በዚህኛው ድምፃቸው እየዘገየ ሄደ። ሰባተኛዋ ሴት ናት፤ የማን ልጅ እንደሆነች ለመናገር አፋቸውን ከፍተው ቆዩ።

«የዘለቀ ልጅ» አለ ቄስ ጥበቡ ከጎኔ።

የደሳለኝ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ይህ ወረቀቱን ይተካል?» አሉኝ አያ ታከለ።

ይተካል ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይታይሽ ታየኛለች። ስምንት ትውልድ ሩቅ ነው፤ በዚያ አገር ከሆነ ዘመን በላይ ቢቆጠር ከማን ጋር የማይገናኝ ሰው አለ? «አይተካም፣ አያ» አልኩ። «ሊሆን ይችላል ያሰኛል እንጂ ነው አያሰኝም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ላንቺ አይተካ ይሆናል። ለእኛ ይተካል። እኛ የምንፈርደው በምናውቀው ነው።» ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ክፉው ከሁለቱም ነው፤ ከሁለቱም ከሆነ ደግሞ ከማንም አይደለም። ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ይቺን ሴት ደምሽ የሚላት ቢኖር ዘለቀን የሰደበ ነው፤ እኔም ጭምር የዘለቀ ነኝ። ደሳለኝ፣ ሚስትህን ይዘህ ግባ።»

ደሳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ያስታውቅበታል። እናቱ ተነሥተው የይታይሽን ትከሻ ሳሙ።

ይታይሽ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ከእሱ ብወልድ ሦስተኛውስ?»

«እንደተጠረጠረው ከሆነ ደህና ሊሆን ይችላል። እንደነሱም ሊሆን ይችላል።»

ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ መሬት ሳመች። «እግዜር ይስጣችሁ። እንግዲህ ልሄድ ነው።»

«የት?» አሉ አያ ታከለ። «አስታረቅንሽ እኮ!»

«ታርቄአለሁ። ታርቄ ነው የምሄድ።»

«ምነው ልጄ፣ ጥፋት የለብሽም አልንሽ!»

«እሱን ነበር የፈለግሁ። ጥፋት ሳይኖርብኝ ልወጣ። ሌላ ማሬ አልቀብርም፤ እሱም እንዲቀብር አልፈልግ። ሌላ ያግባና ደህና ይውለድ።»

ደሳለኝ ጋቢውን አጣፋ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። ሊቆጣ የሄደ መስሎን ነበር። ዕቃዋን በበቅሎ ጭኖ መጣ።

ከቄስ ጥበቡ ጋር አራታችን ወረድን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ባልና ሚስቱ ቆሙ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን ዞረው አብረው ተሳለሙ። እሱ የበቅሎዋን ልጓም ለወንድሟ ሰጠና ዳገቱን ያዘ። እኛ ተሻገርን።